የአጋር ጦር መግቢያና መውጫ፦ እንግሊዞች ከቡሬ እስከ ሐውድ

በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ጣሊያንን ለመውጋት ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው በሦስት አቅጣጫ ነበር። ጄኔራል ፕላት ከሱዳን በኤርትራ በኩል፣ ጄኔራል ካኒንግሃም ከኬንያ በሶማሊያ በኩል ከባድ ጦር ይዘው ገቡ። ሦስተኛው ከሱዳን ጠረፍ ተነሥቶ በበላያ ተራራ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በደምበጫ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የዘለቀው ነው። ይህ ጦር በሰው ብዛትም በመሣሪያም ከሁሉ ያንስ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አገራቸው የተመለሱት ግን ከእርሱ ጋር ነው። ስለዚህም የእንግሊዝ ጦር በኢትዮጵያ ምድር ላይ ምን ሥልጣን አለው፣ እስከ መቼስ ይቆያል የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የተነሣው በጎጃም መንገድ ላይ ነው። ጥያቄው የመጨረሻ መልስ እስኪያገኝ 14 ዓመትና ሦስት ውል አስፈልጎታል፤ የተቋጨውም ከጎጃም እጅግ ርቆ፣ በሐውድ የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው።

ነገሩ የተወሳሰበው እንግሊዝ ለኢትዮጵያ አጋር ከመሆኗ በፊት በነበራት አቋም ምክንያት ነው። በሚያዝያ 1930 ዓ.ም. ለንደን ከሮም ጋር በተዋዋለችው ውል መሠረት፣ በኅዳር 1931 ዓ.ም. ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ የያዘችውን ሥልጣን በይፋ አወቀችላት። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ። ሙሶሊኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ሁኔታው በአንድ ጀምበር ተገለበጠ። በሁለት ሳምንት ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ በአውሮፕላን ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ተወሰዱ። ካርቱም ግን በደስታ አልተቀበለቻቸውም። የሱዳን ገዥዎች መምጣታቸውን ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም፤ ጣሊያን በጠረፉ ላይ ያሰለፈችው ጦር ከእነርሱ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ስለነበር ይህ እንግዳ ጦርነት ይጎትትብናል ብለው ሠጉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የአጋርነት ውል ይፈረም አሉ። እንግሊዞች መሣሪያ ሊሰጡ፣ መኮንን ሊልኩ፣ ገንዘብ ሊያወጡ ፈቃደኛ ነበሩ፤ ውሉን ግን አልፈረሙም። የኢትዮጵያ የወደፊት ዕድል በሰላም ጉባኤ እንዲወሰን የሚፈልጉ ሰዎች በለንደንም በካይሮም ነበሩ። የቅኝ ግዛት ሹማምንት ደግሞ በሞግዚትነት የሚተዳደር አገር በሐሳባቸው ይሥሉ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን መኮንኖች የኢትዮጵያን ድንበር ሲሻገሩ የሚመሩበት የጽሑፍ ስምምነት አልነበራቸውም።

እነዚያ መኮንኖች ሚሽን 101 የተባለው የጦር መልእክት አባላት ናቸው። መሪው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ ከጣሊያን ወረራ በፊት በሙሎ እርሻ ይዞ የኖረ፣ አገሩንና መኳንንቱን የሚያውቅ ሰው ነበር። ካርቱም ተቀምጦ መረጃ የሚያቀናብርለት ቺዝማንም ለዘጠኝ ዓመታት ያህል በዳንግላ ቆንስል ሆኖ ስለኖረ ጎጃምን መንደር በመንደር ያውቀዋል ማለት ይቻላል። ሳንፎርድ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. በክረምቱ መካከል ጠረፉን ተሻገረ። አብረውት የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ። የእርሳቸው መላክ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ሚሽኑ ወደ አርበኞቹ የሚደርሰው በንጉሡ ስም እንጂ በእንግሊዝ ስም ብቻ እንዳይሆን ያደረገው ይህ ነው። ከበደ ከነፃነት በኋላ ደጃዝማች ተብለው የጎጃም ጠቅላይ ገዥ ሆነዋል።

ጎጃም ላይ ሚሽኑ የገጠመው የመጀመሪያው ዲፕሎማሲ በመንግሥታት መካከል የሚደረግ አልነበረም። ምዕራብ ጎጃምን የያዙት ሁለቱ ታላላቅ አርበኞች፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በድንበርና በማዕረግ ይፎካከሩ ነበር። ጣሊያን በዚህ ፉክክር ይጠቀም ነበርና ሁለቱን ማስታረቅ መሣሪያ ከማከፋፈል ይቀድም ነበር። በመስከረም 1933 ዓ.ም. በሳንፎርድና በከበደ አማካይነት ተስማምተው ፈረሙ። የእንግሊዝ መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱ ሊፈርም ያልፈለገውን ዓይነት ወረቀት፣ የጎጃም አርበኞች እርስ በርሳቸው ቀድመው መፈረማቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ሚሽኑ ሰፈሩን በሰከላ ደጋ፣ የዓባይ ምንጭ በሆነው በግሽ ዓባይ አገር አደረገ። ስንቁ የሚገዛው፣ አጋሰሱ የሚከራየው፣ መልእክተኛው የሚከፈለው በጠገራ ብር ነበር፤ የጎጃም ገበሬ የጣሊያንን የወረቀት ሊሬ ከልቡ ተቀብሎት አያውቅም። ችግሩ ብሩም ጠመንጃውም ከካርቱም የሚመጣው እየተቆራረጠ መሆኑ ነው። አርበኞቹ ተስፋ የተሰጣቸው ጠመንጃ በወቅቱ ባለመድረሱ ይከፉ ነበር፤ የደረሰውም ብዙው ያረጀ ነበር። የአጋሩ ቃል መታመን ወይም አለመታመን በአውራጃው የተለካው በዚህ ነው፤ ለንደን ስለ ሉዓላዊነት የምትናገረው ሰከላ ድረስ አይሰማም ነበር።

በጥቅምት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር አንተኒ ኤደን ካርቱም መጥቶ ከጄኔራሎቹና ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተነጋገረ። ንጉሠ ነገሥቱ ቅሬታቸውን ሳይሸሽጉ አቀረቡ፤ ጥያቄያቸው አሁንም ያው ውል ነበር። ውሉን አላገኙም፤ ርዳታው ግን እንዲፋጠን ታዘዘ። ሻለቃ ኦርድ ዊንጌት ወደ ካርቱም የተላከው ከዚህ ስብሰባ በኋላ ነው። ዊንጌት ኅዳር 11 ቀን በትንሽ አውሮፕላን ሰከላ አርፎ ከሳንፎርድ ጋር ተመካከረ። ሁለቱ ሰዎች በዓላማ ቢስማሙም በዘዴ ተለያዩ። ሳንፎርድ መሣሪያውን ለአርበኛው በሰፊው እያደሉ አገሩን በጠላት ላይ ማስነሣት ይሻላል ባይ ነበር። ዊንጌት በበኩሉ በጥቂት የሠለጠነ ወታደር ጠላትን እየመቱ ማሳየት ነው የሚያዋጣው፤ ብርና ጠመንጃ መበተን ሰውን ያረክሳል ይል ነበር። ጠባቸው እስከ መጨረሻው አልበረደም። ሁለቱም ግን ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋናቸውን ያለ ሞግዚት ሊይዙ ይገባል ብለው ያምኑ ስለነበር፣ በገዛ መንግሥታቸው ሹማምንት ዘንድ በክፉ ዓይን መታየታቸው አልቀረም።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ልጆቻቸው አልጋ ወራሹና የሐረር መስፍን፣ ራስ ካሣ፣ እጨጌውና ሎሬንሶ ታእዛዝ አብረዋቸው ነበሩ። ከዚያ እስከ በላያ ያለው በረሃ መኪናውን ሰበረ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ጭነቱን ተሸክመው ደጋው ጥግ ደረሱና በብርድና በረኃብ አለቁ። ዊንጌት የጌዴዎን ጦር ብሎ የሰየመው ኃይል ዋናው አካሉ የሱዳን መከላከያ ጦር አንድ ሻለቃና ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ሲሆን፣ ሁሉም ተደምሮ ከ2,000 ሰው አይበልጥም ነበር። እንግሊዛውያኑ መኮንኖችና የበታች ሹማምንት በመቶ እንኳ አይሞሉም። ይህን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል፤ ኋላ በጠረጴዛ ዙሪያ «አገሩን ያስለቀቀው ማን ነው?» የሚለው ክርክር ሲነሣ የጎጃም ዘመቻ የኢትዮጵያን ወገን የሚደግፈው በእርሱ ምክንያት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በረሃውን ሲያቋርጡ፣ አሁን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ኤደን ጥር 27 ቀን በለንደን ምክር ቤት የመንግሥቱን አቋም አሰማ። እንግሊዝ ነፃ የኢትዮጵያ መንግሥት ዳግመኛ ሲቆም ማየት ትወዳለች፤ ኃይለ ሥላሴ ለዙፋኑ ያላቸውን መብት ትቀበላለች፤ በኢትዮጵያ ላይ የግዛት ፍላጎት የላትም አለ። ቀጥሎ ግን በአገሩ ውስጥ የጦር ዘመቻ እስካለ ድረስ ለጊዜው የጦር ሹማምንት መሪነትና ቁጥጥር እንደሚያስፈልግ ጨመረ። ንጉሡን የሚያስደስተውና የሚያሳስባቸው ነገር በአንድ ንግግር ውስጥ ተጣምሮ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተደረገው ሙግት ሁሉ ያ «ለጊዜው» የተባለው ስንት ጊዜ ነው በሚል ላይ የቆመ ነው።

የምዕራብ ጎጃም ዋና ዋና ፍልሚያዎች የተደረጉት በየካቲት ወር ነው። ጣሊያኖች ዳንግላን ለቀው ወደ ባሕር ዳር፣ እንጅባራን ለቀው ወደ ቡሬ ሸሹ። ቡሬ በኮሎኔል ናታሌ የሚታዘዝ ትልቅ ጦር የሰፈረባት፣ ከደጋው ወደ ዓባይ ማዶ ወለጋ የሚወርደውን መንገድ የምትጠብቅ ከተማ ነበረች። ዊንጌት ቡሬን በቀጥታ አልገጠማትም። በሌሊት እየዞረ ምሽጎቿን በመትረየስ ደብድቦ ይተዋል፤ ሲነጋ በሌላ አቅጣጫ ይታያል። በስተምሥራቅ ያለችውን የማንኩሳን ምሽግ ደግሞ ከበባት። ናታሌ የከበበው ጦር ከራሱ የሚበልጥ መሰለው። የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ከወታደሩና ከመኪናው ጋር ወደ ደምበጫ ጉዞ ጀመረ፤ የማንኩሳንም ጦር መንገድ ላይ ጨመረው።

ከቡሬ ተነሥቶ ማንኩሳን፣ ዛሬ የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ የሆነችው ፍኖተ ሰላም ያለችበትን አገርና ጅጋን አልፎ ደምበጫ የሚገባው መንገድ በዚያ ሳምንት ሦስት ጦር በተከታታይ አስተናግዷል። ፊት ለፊት በሻለቃ ቦይል የሚመራው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ቀድሞ ደምበጫ አጠገብ ጨረቃ ወንዝ ላይ ሰፍሯል። ከኋላው ይህን የማያውቀው የናታሌ ጦር ይመጣል። ከእርሱም ኋላ ሱዳኖቹ እየተከተሉ ይተኩሳሉ። የካቲት 27 ቀን ማለዳ የጣሊያን ጦር በሙሉ ኃይሉ በሻለቃው ላይ ወደቀ። ጥቂት መቶ ኢትዮጵያውያን ብዙ ሺህ ሰው ገጥመው ለሰዓታት ተዋጉ፤ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው፤ ጣሊያኖችም ብዙ ሞተውባቸው ጥሰው ወደ ደብረ ማርቆስ አለፉ። በጦር ትምህርት ቤት ቋንቋ ይህ የስሕተት ውጊያ ነው፤ ሻለቃው እዚያ መስፈር አልነበረበትም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን በኋላ ናታሌ ከሥልጣኑ ተነሣ፤ ተተኪው ኮሎኔል ማራቬንታኖም ወደ ምዕራብ ተመልሶ ቡሬን መያዝ አልሆነለትም።

ንጉሠ ነገሥቱ ከበላያ ወርደው ቡሬ ሲገቡ ከተማዋ ለጥቂት ጊዜ የመንግሥታቸው መቀመጫ ሆነች። ከስደት በኋላ ከበረሃ ዋሻ ወጥተው በከተማ ችሎት ያዩት፣ ባላባትና ካህን የተቀበሉት፣ ባንዳ ሆኖ የቆየውን ማረው ያስገቡት በቡሬና ቀጥሎ በደብረ ማርቆስ ነው። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከጣሊያን ጋር ቆይተው ደብረ ማርቆስ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ደብረ ማርቆስ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱን ስትቀበል፣ በዚያው ዕለት ደግሞ የካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ ገባ።

እዚህ ላይ ጦርነቱ ቆመና ዲፕሎማሲው ተጀመረ። አዲስ አበባ በመኪና የጥቂት ቀን መንገድ ናት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ደብረ ማርቆስ ሦስት ሳምንት ያህል ቆዩ። የእንግሊዝ አዛዦች የሰጡት ምክንያት የከተማው ጸጥታ ነበር፤ ንጉሡ ሲገቡ ሕዝቡ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ የጣሊያን ሲቪሎች ላይ ይነሣል አሉ። ምክንያቱ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም ሙሉው እውነት አልነበረም። በዚሁ ሰሞን ካይሮ ላይ የተቋቋመው «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» ሹሞቹን ወደ ኢትዮጵያ እየላከ ነበር። የአስተዳደሩ የበላይ ሰር ፊሊፕ ሚቸል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ምክትሉ ብርጋዴር ሞሪስ ላሽ ነበር። የአስተዳደሩ ስም ራሱ የእንግሊዝን አቋም ይናገራል። በጦር ሕግ አንድ ጦር የጠላትን አገር ሲይዝ እስከ ሰላም ውል ድረስ በአደራ ያስተዳድረዋል፤ እንግሊዝ በ1931 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጣሊያን ናት ብላ ስለነበር ሕጉን በዚያው መንገድ ተረጎመችው። የኢትዮጵያ መልስ አጭር ነበር፤ የተያዘው የጠላት ግዛት አይደለም፤ ጎጃም በራሱ አርበኞች ተይዞ የቆየ፣ ንጉሡም ከጦሩ ጋር የገቡበት የአጋር አገር ነው የሚል።

ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስን ለቀው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ስድስት ቀን ቆይተው ግንቦት 3 ቀን ሰባት ሚኒስትሮች ሾሙ። ብርጋዴር ላሽ ወዲያው ተቃወመ፤ ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል ሳይፈረም ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣናቸውን ሊይዙ አይችሉም ነው ክርክሩ። ሁለቱም ወገን በአደባባይ መጣላት አልፈለገምና ሚኒስትሮቹ በእንግሊዝ በኩል እንደ አማካሪ እንዲቆጠሩ፣ በኢትዮጵያ በኩል ግን ሚኒስትር እንደሆኑ እንዲቀጥሉ ተደረገ። ማራቬንታኖ ከዓባይ ማዶ ሲሳደድ ቆይቶ ግንቦት 15 ቀን በአግባር ከ8,000 ያህል ሰው ጋር ለዊንጌትና ለራስ ካሣ እጁን ሲሰጥ፣ የጎጃም ዘመቻ ጨርሶ ተዘጋ። የጌዴዎን ጦር ተበተነ፤ ዊንጌትም ማዕረጉ ወርዶ ወደ ካይሮ ተመለሰ።

ድርድሩ ስምንት ወር ፈጀ። ሚቸል ረቂቅ ያቀርባል፤ ንጉሠ ነገሥቱ እያንዳንዱን አንቀጽ አስተርጉመው፣ አስጠንተው፣ ቃል ለውጠው ይመልሱታል። ለእንግሊዞች መዘግየቱ ያበሳጭ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ግን መዘግየት ብቸኛው መሣሪያዋ ነበር ማለት ይቻላል፤ ገንዘብም ጦርም የላትምና። የመጀመሪያው ውል ከጦር ስምምነቱ ጋር ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ተፈረመ። እንግሊዝ ኢትዮጵያ ነፃና ሉዓላዊት መሆኗን አወቀች። ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሰጥ፣ ውሉ ከቀጠለ ደግሞ በሦስተኛው 500,000 በአራተኛው 250,000 ልትጨምር ተስማማች። በአንጻሩ የእንግሊዝ ሚኒስትር ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ በማዕረግ እንዲቀድም፣ ንጉሠ ነገሥቱ የውጭ አማካሪ ሲሾሙ እንግሊዝን እንዲያማክሩ፣ የውጭ ዜጎች በሚከሰሱበት ችሎት እንግሊዛውያን ዳኞች እንዲቀመጡ ሆነ። የምድር ባቡሩና መስመሩ፣ በፈረንሳይ ሶማሌ ወሰን ያለው «የተጠበቀው ክልል»፣ ኦጋዴን፣ እንዲሁም በአንዳንድ ከተሞች ያሉ የጦር ሰፈሮች በእንግሊዝ ጦር እጅ ቀሩ።

ከዚህ ውል በኋላ የጎጃም ጉዳይና የአገሪቱ ጉዳይ ይለያያሉ። ጎጃም ላይ የነበሩት የእንግሊዝ የፖለቲካ መኮንኖች ወጡ፤ ገዥው የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ራስ ኃይሉ በለው ሆኑ። የወጡት ያለ ግርግር ነው። ምክንያቱ የጎጃም ሰው የተለየ ዲፕሎማሲ ስላወቀ አይመስልም፤ በጎጃም ባቡር አልነበረም፣ ወደብ አልነበረም፣ ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጋር የሚገናኝ የዘላን ግጦሽ አልነበረም። የአጋር ጦር ቶሎ የወጣው ጥቅሙ ካነሰበት ስፍራ ሲሆን፣ የዘገየው ደግሞ ጥቅሙ ከበዛበት ነው። የሚገርመው፣ መጀመሪያ የገባበትን አገር ከሁሉ ቀድሞ መልቀቁ ነው።

የ1934ቱ የጦር ስምምነት ሌላም ነገር አቋቁሟል፤ የእንግሊዝ የጦር ሚሽን። በሜጀር ጄኔራል በትለር የሚመራው ይህ ሚሽን፣ ወጪው በእንግሊዝ ተችሎ፣ የኢትዮጵያን ጦር ያደራጃል፣ ያሠለጥናል፣ ያስታጥቃል። ሚሽን 101 ወደ ጎጃም የገባው አርበኛን ለማስተባበር ነበር፤ ይህኛው ደግሞ መደበኛ ጦር ለመሥራት። መንግሥት በእርግጥ ይፈልገው ነበር። በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ በትግራይ የወያኔ ዓመፅ ሲነሣ ከዓደን ወደብ የመጡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፤ የሚሽኑ መኮንኖችም ከመንግሥት ጦር ጋር ዘመቱ። ይህ ርዳታ ንጉሠ ነገሥቱን ከችግር አውጥቷቸዋል፤ እንግሊዝ የኢትዮጵያን የውስጥ ሰላም በእጇ እንደያዘች ማሳየቱም አልቀረም። ሉዓላዊነቱን ለማስመለስ የሚሟገት መንግሥት በዚያው ወር በአጋሩ አውሮፕላን መዳኑ የዘመኑን አጣብቂኝ ከማንኛውም የውል አንቀጽ ይልቅ ያስረዳል።

ስለዚህ መንግሥት ሌላ ወዳጅ መፈለግ ጀመረ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን መግለጫ ፈረመች። በነሐሴ 3 ቀን 1935 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የጋራ ርዳታ ውል ተዋዋለች። አሜሪካዊው የሕግ ሰው ጆን ስፔንሰር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አማካሪ ሆኖ መጣ፤ ከእርሱ ጋር በሩን የከፈቱት የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የመጀመሪያው ውል ከሁለት ዓመት በኋላ በሦስት ወር ማስታወቂያ እንዲፈርስ ይፈቅድ ነበር። በግንቦት 1936 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ማስታወቂያውን ሰጠች።

ለንደን ይህን አልጠበቀችም። ጦሩ በኦጋዴንና በባቡሩ መስመር ላይ የቆመበት ሕጋዊ መሠረት በሦስት ወር ውስጥ ሊያልቅ ሆነ። ቀኑ በስምምነት ተራዘመና ሎርድ ደ ላ ዋር ልዩ መልእክተኛ ሆኖ አዲስ አበባ መጣ። ድርድሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቆየ፤ ብዙ ጊዜም ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ሁለተኛው ውል ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲፈረም የኢትዮጵያ ፈራሚ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኮንን እንዳልካቸው ነበሩ። ባቡሩ ተመለሰ፤ የጦር ሰፈሮቹ እንዲለቀቁ ሆነ፤ የእንግሊዝ ሚኒስትር በማዕረግ መቅደሙ ቀረ። የጦር ሚሽኑ ቀጠለ፤ አለቃው ግን ለኢትዮጵያ የጦር ሚኒስትር ተጠሪ ሆነ። ኦጋዴንና «የተጠበቀው ክልል» ብቻ አልተመለሱም። ኢትዮጵያ ይህን የተቀበለችው በጦርነቱ ላይ እንደ አጋር ለመርዳት ስትል፣ የባለቤትነት መብቷ ሳይነካ መሆኑ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ አድርጋ ነው። ያ ሐረግ ኋላ ብዙ ጠቅሟል። ኦጋዴንን በጦር ስም የያዘ አጋር ጦርነቱ ሲያበቃ ምን ምክንያት ይሰጣል?

ምክንያት አልጠፋም፤ ኢትዮጵያ ግን ቀድማ ሌላ ደጋፊ ፈለገች። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኩዊንሲ በምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ፤ ቀጥሎም ከቸርችል ጋር። በዚያው ዓመት ሲንክሌር ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦጋዴንን ጨምሮ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ተሰጠ፤ ፈቃዱ ስለ ነዳጅ ብቻ አልነበረም፤ አገሩ የማን ነው ለሚለውም መልስ ነበር። በ1938 ዓ.ም. የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኧርነስት ቤቪን የሶማሌ አገሮችን ሁሉ ኦጋዴንን ጨምሮ በአንድ ሞግዚትነት ሥር ማድረግ ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ አዲስ አበባን አስቆጣ፤ ከሌሎች ታላላቅ መንግሥታትም ድጋፍ አላገኘም። በሐምሌ 1940 ዓ.ም. ስምምነት ተደረገና በመስከረም 1941 ዓ.ም. እንግሊዞች ጅጅጋንና አብዛኛውን ኦጋዴን ለኢትዮጵያ አስረከቡ።

የጦር ሚሽኑ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቆየ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ወጣ። አወጣጡ የጠብ መልክ አልነበረውም፤ ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የክብር ዘበኛና የአየር ኃይል መኮንኖቿን በስዊድኖች ታሠለጥን ነበር፤ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ ከአሜሪካ ጋር የጦር ርዳታ ውል ፈርማ የአሜሪካ አማካሪዎችን ተቀበለች። አንድ አጋር ብቻ ይዞ መቅረት የሚያስከትለው ጣጣ ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ የታየ ስለነበር፣ መንግሥት ከእንግዲህ ሁለት ሦስት ወዳጅ ማፈራረቁን መመሪያው አድርጎት ነበር።

የቀረው ሐውድና «የተጠበቀው ክልል» ነበር። እዚያ የነበረው ችግር ከጦር ይልቅ ከግጦሽ ጋር የተያያዘ ነው፤ በእንግሊዝ ሥር የነበሩት የሶማሊላንድ ዘላኖች በየዓመቱ ዝናቡን ተከትለው ግመልና በጋቸውን ወደ ሐውድ ያወርዱ ነበር፤ በ1889 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መልእክተኛ በሮድ መካከል የተደረገው ውል ይህን መብት አውቆላቸው ነበር። ሦስተኛው ስምምነት ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. ለንደን ላይ ተፈረመ። የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር የካቲት 21 ቀን 1947 ዓ.ም. እንዲያበቃ፣ የግጦሹ መብት እንዲጸና፣ የዘላኖቹንም ጉዳይ የሚከታተሉ የእንግሊዝ አገናኝ መኮንኖች በአገሩ እንዲቆዩ ተወሰነ። በሃርጌሳ ስምምነቱ ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፤ መልእክተኞች ለንደንና ኒው ዮርክ ድረስ ሄዱ፤ ውሉ ግን አልተለወጠም። በተባለው ቀን የኢትዮጵያ አስተዳዳሪዎች ሐውድን ተረከቡ። የአገናኝ መኮንኖቹ ሥራ ደግሞ ብሪቲሽ ሶማሊላንድ ነፃ እስከ ወጣችበት እስከ ሰኔ 1952 ዓ.ም. ቀጠለ።